በጥድፊያ ስለሚሰጠው ፈሳሽ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ስለ ተደረገው የሕፃናት ሕክምና ምርምርና ስላስነሣው ክርክር የቀረበ ትችት

ስለ ሕክምና ምርምር በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው አንድ አዲስ መድኃኒት ስለ መገኘቱ ነው። ከዚህ ቀጥዬ የምመረምረው ሥራ ግን አዲስ መድኃኒት ያገኘ አይደለም። ሐኪሞች ጠቃሚነቱን ያለ ጥርጥር ያምኑበት የነበረውን፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነውንና በየሐኪም ቤቱ የሚገኘውን አንድ ሕክምና ወስዶ፣ በእርግጥ ሕፃናትን ያድናልን? ብሎ የጠየቀ ነው። መልሱም አያድንም ብቻ ሳይሆን የሚሞቱትን ያበዛል የሚል ሆነ። ይህ መልስ በ2011 ዓ.ም. ከታወቀ ጀምሮ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ ጨርሶ አልበረደም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ የሕክምና ሊቅ ሳልሆን ገና በትምህርት ላይ ያለሁ ተማሪ ነኝ፤ ሆኖም ክርክሩ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የማስረጃም ክርክር ስለ ሆነ፣ ቁጥር ማንበብና ነገርን ከነገር ማነጻጸር የሚችል ሰው ሁሉ ሊገባበት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። አንድ ሕፃን በወባ ወይም በሌላ ብርቱ ትኩሳት ተይዞ ሕመሙ ሲጠናበት፣ ደሙ ወደ እጁና ወደ እግሩ ጫፍ በሚገባ አይደርስም። እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቅላቱ ቶሎ አይመለስም፤ የእጁ የደም ሥር ትርታ ይደክማል፤ ልቡም በፍጥነት ይመታል። ይህ ሁኔታ እየባሰ ሲሄድ ሐኪሞች ሾክ ይሉታል። ቃሉ በአማርኛ «ድንጋጤ» ተብሎ ሲተረጎም አይቻለሁ፤ ነገር ግን ከመፍራትና ከመደንገጥ ጋራ ምንም ግንኙነት ስለሌለው ትርጉሙ ያሳስታልና ቃሉን እንዳለ መተው ይሻላል። እንግዲህ ለዚህ ሁኔታ የተለመደው ሕክምና በደም ሥር በኩል ብዙ ፈሳሽ በአጭር ጊዜ ማስገባት ነው። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ያለበት ውሃ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜም ከሰው ደም የሚወጣው አልቡሚን የተባለው ነገር ነው። አሳቡ ለማንም ሰው የሚገባ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ካነሰ ጨምርበት፣ ግፊቱ ይመለሳል ማለት ነው።

በአገራችን ሕዝቡ በደም ሥር የሚገባውን ፈሳሽ ሁሉ፣ ስኳር ኖረበትም አልኖረበትም፣ «ግሉኮስ» ይለዋል። በሽተኛ ሊጠይቅ የሄደ ዘመድ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ግሉኮስ ተሰካለት ወይ?» ብሎ ነው። ከተሰካለት ልቡ ያርፋል፤ ካልተሰካለት ሐኪሙ ቸል ብሎታል እያለ ያጉረመርማል። ይህን የማነሣው በሕዝቡ ለመሣቅ አይደለም። በዓለም ላይ ያሉት የሕፃናት ሐኪሞችም በዚሁ እምነት ውስጥ እንደ ነበሩ፣ ልዩነቱ የእነርሱ እምነት በመመሪያ መጽሐፍ የተጻፈ መሆኑ ብቻ እንደ ነበረ ለማሳየት ነው እንጂ።

እምነቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1832 በስኮትላንድ አገር ሊት በምትባለው ከተማ ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም በኮሌራ ተይዘው ሊሞቱ ለተቃረቡ ሰዎች ጨው ያለበት ውሃ በደም ሥራቸው እያስገባ አንዳንዶቹን ከሞት አፋፍ መልሷቸዋል። በኮሌራና በብርቱ ተቅማጥ ጊዜ ውሃው በእርግጥ ከሰውነት ወጥቶ ስለሚያልቅ የወጣውን መተካት ግልጽ የሆነ ጥቅም አለው፤ በዚህ ላይ የሚከራከር የለም። ችግሩ የመጣው ይኸው ሕክምና ውሃው ወዳልወጣባቸው በሽተኞች በተዛወረ ጊዜ ነው። በወባ ወይም በደም መመረዝ የታመመ ሕፃን እግሩ ቢቀዘቅዝ ምልክቱ ከተቅማጥ በሽተኛው ጋራ ይመሳሰላል፤ ምክንያቱ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ምልክት ስለ ተመሳሰለ ምክንያትም አንድ ነው ማለት፣ ሁለት ጎጆዎች ጭስ ስላወጡ ሁለቱም እየተቃጠሉ ነው እንደ ማለት ነው፤ በአንደኛው እንጀራ እየተጋገረ ይሆናል።

የሕፃናት ሐኪሞች እንደ ማስረጃ አድርገው ብዙ ጊዜ ይጠቅሱት የነበረው፣ በ1991 የታተመ አንድ የዋሺንግተን ከተማ የሕፃናት ሐኪም ቤት ጽሑፍ ነው። በዚያ ጽሑፍ የተመዘገቡት በሽተኞች 34 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ሰዓት በኪሎ ከ40 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ያገኙት 9 ሕፃናት ሲሆኑ፣ ከ9ኙ የሞተው 1 ብቻ ነበር፤ ያነሰ ፈሳሽ ካገኙት 25 ግን 15ቱ ሞቱ። ልዩነቱ ሲያዩት ትልቅ ነው። ዳሩ ግን ማን ብዙ ፈሳሽ ያግኝ፣ ማን ጥቂት ያግኝ የሚለውን የወሰነው ዕጣ ሳይሆን በጊዜው የነበረው ሐኪምና የበሽተኛው ሁኔታ ነው። ምናልባት ብዙ ፈሳሽ ያገኙት ልባቸው ፈሳሹን ለመሸከም የሚችል፣ ከመጀመሪያውም የመዳን ዕድል የነበራቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ጽሑፉ ይህን ሊለይ አይችልም። እንዲህ ባለ ማስረጃ ላይ የቆመው አሳብ እያደገ ሄዶ በ2002 በአሜሪካ የወጣው መመሪያ በመጀመሪያው ሰዓት በኪሎ እስከ 60 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ ይሰጥ እስከ ማለት ደረሰ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ 600 ሚሊ ሊትር ነው። የዚህ ሕፃን ጠቅላላ ደም 800 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪያችን ባቄላ በሁለት ማሰሮ አስዘርተውን ለአንደኛው ብቻ አመድ ያስጨምሩን ነበር። አንድ ተማሪ «አመድ ያለበት ይበቃል፤ ሁለተኛው ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ «ያለ ሁለተኛው ማሰሮ፣ ያሳደገው አመዱ ይሁን ዝናቡ በምን ታውቃለህ?» አሉት። የሕክምና ምርምርም መሠረቱ ይኸው ነው። የሚጨመርበት ነገር ቢኖር፣ ሕፃናት እንደ ባቄላ አንድ ዓይነት ስላይደሉ፣ ማን ወደ የትኛው ማሰሮ ይግባ የሚለውን ሐኪሙ እንዳይመርጥ በዕጣ መደልደሉ ነው። ዕቁብ የሚጥል ሰው ሁሉ የዕጣን ጠባይ ያውቃል፤ ዕጣ ወዳጅ አይለይም፣ ለደካማም አያዝንም። የሚደለደሉት ሕፃናት ብዙ ከሆኑ ብርቱውና ደካማው በየወገኑ በእኩል ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት የሕክምናው ልዩነት ነው ለማለት ይቻላል።

ይህን ያደረገው ፊስት የተባለው ምርምር ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት መጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ሲሆን እንደ ቃል ሲነበብ «ድግስ» ማለት ነው፤ ከውጤቱ ጋራ ሲተያይ ሌላ ስም ቢወጣለት ይሻል ነበር። መሪዋ በኬንያ ጠረፍ በኪሊፊ ለብዙ ዓመታት የሠሩት ካትሪን ሜይትላንድ ሲሆኑ፣ ወጪውን የሸፈነው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ነው። ከጃንዋሪ 2009 እስከ ጃንዋሪ 2011 ድረስ በስድስት ሐኪም ቤቶች ተካሄደ፤ እነርሱም በኬንያ ኪሊፊ፣ በታንዛንያ ሙሄዛ፣ በኡጋንዳ ደግሞ ሙላጎ፣ ምባሌ፣ ሶሮቲና ላቾር ናቸው። የተመረጡት ከ2 ወር እስከ 12 ዓመት የሆናቸው፣ ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው ራሳቸውን የሳቱ ወይም አተነፋፈሳቸው የተጨነቀ፣ ከላይ ከዘረዘርኋቸውም የደም ዝውውር መድከም ምልክቶች ቢያንስ አንዱ የታየባቸው ሕፃናት ናቸው። ተቅማጥ ያለባቸው፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱና በቃጠሎ ወይም በአደጋ የቆሰሉ አልገቡበትም። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ምርምሩን የሚነቅፉትም የሚያወድሱትም አንዳንድ ሰዎች ይህን ዘንግተው ሲናገሩ ይሰማሉና።

ሕፃናቱ በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። 1050ው አልቡሚን በጥድፊያ ተሰጣቸው፤ 1047ቱ ጨው ያለበት ውሃ በጥድፊያ ተሰጣቸው፤ 1044ቱ ግን የጥድፊያ ፈሳሽ አልተሰጣቸውም። ሦስተኛዎቹ ያለ ሕክምና የተተዉ እንዳይመስል ያስፈልጋል። የወባ መድኃኒት፣ ተሕዋስያንን የሚገድል መድኃኒት፣ ኦክሲጅን፣ ደም ላነሰው ደም፣ እንዲሁም በዝግታ የሚንጠባጠብ የዕለት ፈሳሽ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ያገኙ ነበር። ከዚህም በላይ ምርምሩ ከመጀመሩ በፊት የየሐኪም ቤቱ ሠራተኞች ድንገተኛ በሽተኛን ፈጥኖ የመለየትና የመርዳት ትምህርት ተሰጥቷቸዋል፤ ያልነበረ መሣሪያም ተሟልቷል። የሦስቱ ወገኖች ልዩነት በጥድፊያ የተሰጠው ፈሳሽ ብቻ ነው።

ምርምሩ 3600 ሕፃናትን ለማስገባት የታሰበ ነበር። ውጤቱን በየጊዜው ይመለከት የነበረው፣ ከሠራተኞቹ የተለየው ጉባኤ ግን 3141 ሲደርሱ ይቁም አለ። በ48 ሰዓት ውስጥ አልቡሚን ከተሰጣቸው 111 ሞተዋል፤ ይህም ከመቶ 10.6 ነው። ጨው ያለበት ውሃ ከተሰጣቸው 110 ሞተዋል፤ ከመቶ 10.5 ነው። የጥድፊያ ፈሳሽ ካልተሰጣቸው የሞቱት 76 ሲሆኑ ከመቶ 7.3 ነው። ፈሳሽ የተሰጣቸው ሁለቱ ወገኖች ተደምረው ሲታዩ የመሞት አደጋቸው ካልተሰጣቸው 1.45 እጥፍ ነው። የአጋጣሚ ሥራ ታስቦ ሲሰላ ይህ ቁጥር ከ1.13 እስከ 1.86 ድረስ ሊዘረጋ ይችላል፤ ወደ 1 ወይም ከ1 በታች ግን አይወርድም። አራት ሳምንት ተጠብቆ በተቆጠረ ጊዜም ልዩነቱ አልጠፋም፤ ከመቶ 12.2፣ 12.0 እና 8.7 ሆነ። እኔ ራሴ በወረቀት አስልቼ እንዳየሁት፣ ፈሳሽ የተሰጣቸው 2097 ሕፃናት እንደ ሦስተኛዎቹ ቢታከሙ ኖሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ከሞቱት 221 ውስጥ 68 ያህሉ በሕይወት በተገኙ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው በጥንቃቄ በሚሠራበት ምርምር ውስጥ ነው። መመሪያውን አምነው ያለ ምንም ቆጠራ ፈሳሹን ይሰጡ በነበሩት ሐኪም ቤቶች ስንት እንደ ሞተ የሚነግረን መዝገብ የለም።

የምርምሩ ሰዎች ይህን ውጤት ፈልገውት የመጣ አለመሆኑን ማስታወስ ፍርድ ለመስጠት ይጠቅማል። ሜይትላንድና ባልደረቦቻቸው በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ በኪሊፊ ጽኑ ወባ የያዛቸውን ሕፃናት በሁለት ከፍለው፣ አልቡሚን ከተሰጣቸው 56 የሞቱት 2 ብቻ፣ ጨው ያለበት ውሃ ከተሰጣቸው 61 ግን 11 መሆናቸውን አሳይተው ነበር። ፊስትን ያቋቋሙት ፈሳሽ፣ ይልቁንም አልቡሚን፣ ሕይወት ያድናል ብለው ተስፋ አድርገው ነው። ትልቁ ምርምር ሲመጣ የትንሹ ተስፋ ተነነ። የራሱን ተስፋ ያፈረሰ ሰው ቁጥሩን ያጣመመ ነው ብሎ ለመጠርጠር ያስቸግራል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ጽሑፉ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ከታተመ በኋላ ከሊቃውንቱ ብዙ ተቃውሞ ተነሣ። ሦስቱን ዋና ዋናዎቹን እመለከታለሁ።

የመጀመሪያው «እነዚህ ሕፃናት በእውነት ሾክ ውስጥ አልነበሩም» የሚል ነው። ይህ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የተሻለው ነው። አንድ ምልክት ብቻ ይበቃል መባሉ በእርግጥ ሰፊ በር ነው፤ ልቡ በፍጥነት የሚመታ ሕፃን ሁሉ ሾክ ውስጥ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሾክ ለማለት የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ የቅላት መዘግየት፣ የትርታ መድከምና መፍጠን አንድ ላይ እንዲገኙ ይጠይቃል። በዚህ ጠባብ በር ሲያልፉ ከ3141 ውስጥ የቀሩት 65 ሕፃናት ብቻ ሆኑ። ከነዚህም ፈሳሽ ከተሰጣቸው 50 ውስጥ 24 ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 15 ውስጥ 3 ሞቱ። የምርምሩ ወዳጆች ይህን እንደ መጨረሻ ማስረጃ ሲያቀርቡት አልስማማም፤ 65 ሰው ትንሽ ነው፤ 15ማ ይበልጡን ትንሽ ነው። ዋሺንግተን ላይ ያሉትን 9 ሕፃናት አንሰዋል ብሎ የነቀፈ ሰው፣ ወደ ራሱ ወገን ሲሆን 15ን በቂ ነው ማለት አይገባውም። ነገር ግን ተቃዋሚዎቹም ከዚህ የሚያገኙት ነገር የለም፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የሚያዘነብለው ከእነርሱ አሳብ በተቃራኒ ነውና።

ሁለተኛው «ወባና የደም ማነስ ያለባቸው የአፍሪካ ሕፃናት ስለ ሆኑ ነው» የሚል ነው። ከሕፃናቱ ከመቶ 57ቱ ወባ ነበረባቸው፤ ከመቶ 32ቱም ደማቸው ከ5 ግራም በታች ወርዶ ነበር። አጥኚዎቹ ይህን አስቀድመው አስበውበት ወባ ያለበትንና የሌለበትን፣ ደሙ ያነሰውንና ያላነሰውን፣ ትንሹንና ትልቁን እየለዩ ቆጥረዋል። ፈሳሹ የጠቀመው ወገን አልተገኘም። ተቃውሞው ከተነሣ በኋላ ይህን የቁጥር ሠንጠረዥ ሳይመልሱ ያንኑ ቃል የሚደጋግሙ ሰዎች ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብበውታል ለማለት እጠራጠራለሁ።

ሦስተኛው «እዚያ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና መተንፈሻ መሣሪያ የለም፤ ፈሳሹ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ የሞቱት ስለዚህ ነው፤ መሣሪያው ቢኖር ይድኑ ነበር» ይላል። ይህ ሲሰሙት ደስ የሚል ማብራሪያ ነው፤ ጥፋቱን ከሕክምናው ላይ አንሥቶ ድህነት ላይ ይጥለዋልና። በ2013 የምርምሩ ሰዎች እያንዳንዱ የሞተ ሕፃን በምን ሁኔታ እንደ ሞተ መርምረው ባሳተሙት ጽሑፍ ግን፣ ትርፉ ሞት በዋናነት የመጣው ከሳንባ መሞላት ወይም ከአንጎል ማበጥ ሳይሆን ከልብና ከደም ዝውውር መውደቅ መሆኑን አመለከቱ። ፈሳሹ የተሰጠው የደም ዝውውሩን ሊደግፍ ሲሆን የወደቀው ይኸው የደም ዝውውር መሆኑ እጅግ የሚያስገርም ነገር ነው። በ2019 የወጣ ሌላ ትንተና ደግሞ ፈሳሹ ደሙን እንደሚያቀጥን፣ ጨዉም በደሙ ውስጥ ያለውን የአሲድ መጠን እንደሚያባብስ፣ አተነፋፈስንም እንደሚጎዳ ገለጸ። እንግዲህ ሳንባ ጨርሶ ነፃ ነው ማለት አይቻልም። በድንገት የሞተን ሕፃን የሞት ምክንያት ከመዝገብ ላይ አንብቦ መወሰንም አስተማማኝ ሥራ አይደለም። እኔን የሚያሳምነኝ እስከዚህ ድረስ ነው፦ ፈሳሹ ጎድቷል፤ እንዴት እንደ ጎዳ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልታወቀም።

ከእነዚህ ሦስት ተቃውሞዎች ሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ግን የሚዛኑ መዛባት ነው። ፈሳሽ ይሰጥ ለማለት 34 ሰዎች የተመዘገቡበት፣ ያለ ዕጣ የተሠራ ጽሑፍ ሲበቃ፣ አይሰጥ ለማለት ግን በዕጣ የተደለደሉ 3141 ሕፃናት አልበቁም። አሮጌ እምነት ያለ ምስክር በችሎት ይረታል፤ አዲሱ ግን ሺህ ምስክር ያመጣና ቀጠሮ ይሰጠዋል።

ከዚህ በላይ ተቺዎቹ ብዙ ያላተኮሩበት፣ እኔ ግን የምርምሩ ትልቅ ጉድለት ነው የምለው አንድ ነገር አለ። የደም ግፊታቸው ክፉኛ የወረደ፣ ማለት በጣም የታመሙት 29 ሕፃናት ለብቻቸው ተለይተው ነበር። ለእነዚህ ፈሳሽ አለመስጠት ነውር ነው ተብሎ ስለ ታሰበ፣ ዕጣ የተጣለው በአልቡሚንና በጨው ውሃ መካከል ብቻ ነው። አልቡሚን ከተሰጣቸው 13 ውስጥ 9፣ ጨው ያለበት ውሃ ከተሰጣቸው 16 ውስጥም 9 ሞቱ። ባይሰጣቸው ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? ሁለተኛው ማሰሮ የለም። ጥያቄው ይበልጥ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ላይ ጥያቄውን የዘጋው ይኸው ሊመረመር የቀረበው እምነት ራሱ ነው። ያን ጊዜ በነበረው እውቀት አጥኚዎቹንም ሆነ የሥነ ምግባር ጉባኤዎቹን አልወቅስም፤ ማን ደፍሮ የሚሞት ሕፃንን ፈሳሽ ይከለክላል? ይሁን እንጂ ከ3141ዱ ውጤት በኋላ ሲታይ፣ ለ1044ቱ እንደ ክልከላ የታሰበው ነገር ምሕረት ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ ፈቃድ አጠያየቅም ትንሽ ልናገር። ሕፃኑ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ እናቱን ቁጭ አድርጎ ረዥም ወረቀት ማስነበብ ስለማይቻል፣ በቅድሚያ አጭር የቃል ፈቃድ እየተጠየቀ፣ የጽሑፉ ፈቃድ ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ ይፈጸም ነበር። ይህንም የነቀፉ አሉ። እኔ ግን ነቃፊዎቹ አንድ ነገር የረሱ ይመስለኛል፤ ከምርምሩ ውጭ በመመሪያው መሠረት ፈሳሽ ይሰጣቸው ለነበሩት ሕፃናት እናቶች ማንም ፈቃድ የጠየቃቸው አልነበረም። ያልተመረመረን ሕክምና ለሁሉ መስጠት ፈቃድ አያሻውም፣ ለእኩሌታው ሰጥቶ መቁጠር ግን ፈቃድ ያሻዋል የሚለው ልማድ ሊታሰብበት ይገባል። ይህን ስል ፈቃድ መጠየቅ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ በሁለቱም በኩል ይጠየቅ ማለቴ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትን በሚመለከት ትችቴ የበረታ ነው። ውጤቱ በሜይ 2011 ታትሞ ሳለ፣ ድርጅቱ በ2013 ያወጣው አዲስ የሕፃናት ሕክምና የኪስ መጽሐፍ በሾክ ላለ ሕፃን ፈሳሽ በጥድፊያ ይሰጥ የሚለውን አልለወጠም። በ2014 በማከሬሬ የሚያስተምሩት ሳራ ኪጉሊና ጓደኞቻቸው በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህን በግልጽ ተቃወሙ። በ2016 የወጣው መመሪያ በመጨረሻ፣ የደም ዝውውር መድከም ምልክት ብቻ ላለበትና ሦስቱ የሾክ ምልክቶች ላልተሟሉበት ሕፃን የጥድፊያ ፈሳሽ እንዳይሰጥ፣ ሦስቱ ለተሟሉበት ደግሞ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ በዝግታ እንዲሰጥ አዘዘ። አምስት ዓመት ፈጀ። መመሪያ በጥድፊያ መለወጥ እንደሌለበት አውቃለሁ፤ አንድ ምርምር ወጣ ተብሎ ትላንት የተሰጠው ትእዛዝ ዛሬ ቢሻር ነርሱም ሐኪሙም ግራ ይጋባል። ነገር ግን የድርጅቱን የኪስ መጽሐፍ እንደ ሕግ የሚያነቡት እኮ የለንደንና የቦስተን ሐኪሞች አይደሉም። ሌላ መጽሐፍ የሌላቸው፣ አንድ ነርስ አርባ ሕፃናትን በምትጠብቅበት ክፍል የሚሠሩት ናቸው። በዚህ ረገድ የመዘግየቱ ዋጋ የወደቀው ማስረጃውን ባስገኙት አገሮች ሕፃናት ላይ ነው።

ነገሩ በሕፃናት ብቻ አልቀረም። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ በደም መመረዝ ደም ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎች በዕጣ ተደልድለው፣ ብዙ ፈሳሽ በቶሎ ከተሰጣቸው ከመቶ 48.1፣ እንደ ወትሮው ከታከሙት ከመቶ 33.0 በሐኪም ቤት ውስጥ መሞታቸው በ2017 ታተመ። ከእነዚህ በሽተኞች አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ የነበረባቸው ስለ ሆኑ ውጤቱን ለሁሉ ሰው አንድ አድርጎ ለማዋል ጥንቃቄ ያሻል። በአሜሪካ በ1563 አዋቂዎች ላይ ተሠርቶ በ2023 የታተመው ሌላ ምርምር ደግሞ ፈሳሽን በመቆጠብና በማብዛት መካከል የሞት ልዩነት አላገኘም። እንግዲህ ከሁለቱ ማናቸውም የጥድፊያ ፈሳሽ ያድናል የሚለውን አላቆሙትም።

በ2020 የሕፃናትን የደም መመረዝ ስለ ማከም የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ክርክሩን በመክፈል ሊዘጋው ሞከረ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት አገር፣ የደም ግፊቱ ላልወረደ ሕፃን የጥድፊያ ፈሳሽ አይሰጥ አለ፤ ክፍሉ ባለበት አገር ግን በመጀመሪያው ሰዓት በኪሎ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ድረስ ይሰጥ አለ። አንድ ሕፃን በአውሮፕላን ድንበር ቢሻገር ሕክምናው ይገለበጣል ማለት ነው። በእርግጥ ሐኪም ባጠገቡ ቆሞ ልቡን በመሣሪያ እየተመለከተ የሚሰጠው ፈሳሽና ሌሊት ብቻውን የሚንጠባጠበው አንድ አይደሉም፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን መመሪያው ራሱ ከየትእዛዙ አጠገብ የማስረጃውን ጥራት ጽፏል፤ ያንን መመልከት ይበቃል። «አይሰጥ» በሚለው አጠገብ የተጻፈው ብርቱ ትእዛዝ፣ ከፍተኛ ጥራት ያለው ማስረጃ የሚል ነው። «ይሰጥ» በሚለው አጠገብ የተጻፈው ደካማ ምክር፣ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ማስረጃ የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር በኪሎ 10ንና 20 ሚሊ ሊትርን በዕጣ ለማነጻጸር የተጀመረ የሙከራ ምርምር ውጤቱ በ2019 ሲወጣ፣ በዚያ አኳኋን ትልቁን ምርምር በአገሩ ለማካሄድ የማይቻል መሆኑን አስታውቋል። እንግዲህ ስለዚህ ሕክምና በዓለም ላይ ካለው ማስረጃ ሁሉ የበለጠውን የሰጡት የምባሌና የሶሮቲ፣ የኪሊፊና የሙሄዛ ሕፃናት ናቸው፤ ሌላው የሚሠራው እስካሁን በግምት ነው።